ቅሬታ የሌለበት ድልድል

አስከሬኑን ከገንዳው ያወጡት ሰዎች መነጽሩን አላወለቁለትም ነበር። በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ጫማው የለም፤ መነጽሩ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ በኋላ በኩል በዞረ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ ተይዞ፣ ትንሽ ተጣሞ፣ እዚያው ዓይኑ ላይ ነው። መርማሪው ጉልበቱን እያሻሸ አጠገቡ በርከክ አለና ምንም ሳይነካ ብዙ ቆየ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለች የጣቢያው ኃላፊ ከጀርባው። «ራሱን ነው የጣለው።»

«ቀስ በሉ» አላት።

ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት ባልደረቦቹ መቁጠር ትተዋል። ስሙንም ትተው «ቀስ በሉ» ነው የሚሉት፤ ከኋላው እንጂ ፊቱ ላይ አይደለም። እሱ ግን ያውቃል፤ ቅርም አይለውም። ጡረታው የተቃረበ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ሰው ሲያናግረው ምላሹ የሚዘገየው የሚለው ጠፍቶት ይመስል ነበር።

ኃላፊዋን ደግሞ ሠራተኞቿ በሌለችበት «ሲሚንቶ» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ አንዴ የረጋ ነገር አይነቃነቅምና። ያንኑ ፊቷን ይዛ ታሪኩን ነገረችው። ሟቹ የሒሳብ ሰው ነው። ጣቢያው ሌሊትና ቀን ስለሚሠራ፣ ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ የሚደለድለውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። ሠራተኞቹ «ክፍልፋይ» ይሉታል፤ ዕድሜያችንን ቆራርጦ በየሣጥኑ ከተተው ብለው። በቅርቡ አንድ ወጣት የፓምፕ ሠራተኛ ከሥራ ወጥቶ በሞተር ብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ እንቅልፍ ጣለው፤ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትሞ ሞተ። በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል የተሰጠው ዕረፍት ቤቱ ደርሶ ልብስ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ነበር። ድልድሉን ማን አወጣው? ክፍልፋይ። የልጁ እህት እዚሁ ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ በሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜን በቁጥር ገደልከው» ብላዋለች። እሱም አንድ ቃል አልመለሰም።

«ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው አልነበረም» አለች ኃላፊዋ። «ጸጸት ነው የበላው።»

መርማሪው ተነስቶ ወደ ገንዳው ሄደ። ገንዳው ክብና ሰፊ ነው። ድፍርሱ ውሃ እዚያ ገብቶ ጭቃው እስኪዘቅጥ ይተኛል፤ ጭቃውን የሚጠርግ ረጅም የብረት ክንድ፣ የሚሄድ እስከማይመስል ድረስ ቀስ እያለ ይዞርበታል። ግድግዳው አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሷል፤ ለወደቀ ሰው መጨበጫ የለውም። ከዳሩ እስከ መሃሉ ጠባብ የብረት መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ መደገፊያው ከጉልበት ብዙም አያልፍም። መግቢያው በሰንሰለት ይዘጋል። ከሰንሰለቱ በላይ፣ እዚያው ምሰሶ ላይ፣ ብርቱካንማ መንሳፈፊያ ጎማ ተሰቅሏል። ጎማው ደረቅ ነው፤ ገመዱም እንደተጠቀለለ ነው።

ሽማግሌው ዘበኛ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተከትሎት መጥቷል።

«አባባ፣ ይህ ሰንሰለት ምን ያደርጋል?»

«ክፍት ከሆነ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። ዝግ ከሆነ የለም። እዚህ ቤት የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሷን ነው።»

«የገባው ሰው ከውስጥ ሆኖ ሊዘጋው አይችልም?»

«እጁ እንደ ዝሆን ኩምቢ ካልረዘመ።» ማያያዣውን አሳየው። ንፋስ እያወለቀው ስላስቸገረ ከምሰሶው ውጭ፣ ዝቅ አድርገው በይደውታል። «ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚዘጋ።»

«አላፊ አግዳሚ ክፍት ሆኖ ቢያየውስ?»

«ተጣርቶ፣ ገብቶ አይቶ እንጂ ዝም ብሎ አይዘጋም። ሰው ውስጥ እያለ የዘጋ ተረኛ ከእኛ ጋር ማዕድ አይቆርስም።» ዘበኛው ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። የሚቀጥለውን የተናገረው ወደ መሬት እያየ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፈረቃ በሚቀያየርበት ግርግር፣ የሟቹ ሚስት ደውላ ስልክ አያነሳልኝም፣ እዚያ አለ ወይ ብላው ነበር። ሻይ መጠጫ ሰዓቱን እዚያ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ማሳለፍ እንደሚወድ ሁሉም ያውቃል። ዘበኛው ከጎጆው አንገቱን አውጥቶ አየ። «ሰንሰለቱ ዝግ ነበር፣ ጌታዬ። ‹እዚያ የለም፣ እህቴ› አልኳት።»

ትንሽ ቆይቶ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ሰንሰለቱን ፈታ ገባች። ያገኘችው እሷ ናት።

*

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው የሟቹን ቤት ደረጃ በየፎቁ እየቆመ ወጣ። ቤቱ ሥርዓት ያለው ነው። መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ወጥ ቤቱ ብቻ ሌላ ነበር። መታጠቢያው በሳህን ተሞልቶ፣ ከሁለት ቀን በፊት የተበላበት ምግብ ደርቆበታል። ለማጠብ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ ዘመዶች ነበሩ፤ ሚስቱ ከልክላቸዋለች።

«ተራው የእሱ ነው» አለችው ዓይኑን ተከትላ።

ከባሏ ጋር አንድ ክፍል ሒሳብ የተማረች ናት። እሱ ከቀመሩ ጋር ቀረ፤ እሷ ትምህርት ቤት ገብታ ታስተምራለች። አላለቀሰችም። ሁለት እጇን በውሃ ብርጭቆ ዙሪያ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደሚጠብቅ አስተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «ራሱ ከሆነ ራሱ ነው ይበሉኝ። ሰው ከሆነ ሰው ነው ይበሉኝ። ዘመድ ሁሉ ‹ተይው፣ አይመልሰውም› ይለኛል። እንደማይመልሰው እኔም አውቃለሁ። ግን ጥሎኝ ነው የሄደው ወይስ ነጥቀውኝ ነው? ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይለቀስም።»

መርማሪው «ቀስ በሉ» አላላትም። መነጽሩን ሁልጊዜ ያደርግ እንደሆነ ጠየቃት።

«ለማንበብ ብቻ። ቅርብ ለማየት ነው። እንዳደረገው ከተነሳ ወለሉ ይዋዥቅበታል። ከዚህ ወጥ ቤት ለመድረስ እንኳ ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። ረስቶት ሲነሳ በር ይገጭ ነበር፤ እኔም…» አፏን ዘጋች። ይስቁ እንደነበር መርማሪው ሳይነገረው ገባው።

ከዚያ ስለ ሥራው አስረዳችው፤ በሳህኖቹ ነው ያስረዳችው። አንድ ሰሞን ባሏ የቤታቸውን ሥራ በዚያው ፕሮግራም ደልድሎት ነበር። ሕጎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የማይጣሱ አሉ፤ ለምሳሌ ምግብ የሠራ ሰው በዚያው ምሽት ሳህን አያጥብም። የሚለመኑ ደግሞ አሉ፤ ማክሰኞ ፈተና ስለማርም ይለፈኝ እንደማለት። ልመናው ያልተሟላለት ሰው ቅሬታ ይመዘገባል፤ ትልቁ ልመና ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ። ኮምፒውተሩ የማይጣሰውን ሳይነካ፣ ሊኖሩ ከሚችሉት ድልድሎች ሁሉ የቅሬታው ድምር የሚያንስበትን ይፈልጋል። ፈልጎ ካገኘው ደግሞ ከዚያ የተሻለ እንደሌለ ያረጋግጣል።

«ቅሬታው ጨርሶ ዜሮ አይሆንም?»

«በሁለት ሰው ቤት እንኳ ሆኖ አያውቅም» አለች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። «በጣቢያው ዕረፍት ከማይጣሱት የመጀመሪያው ነበር። ሰው በቂ ሳይተኛ እንዳይመለስ። ያ ልጅ ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ ‹እኔ የጻፍኩት እንዲህ አይልም› ይል ነበር። እኔ ደግሞ ሐዘን ነው ብዬ፣ ተወው አልኩት። ባለፈው ሳምንት ግን እንቅልፍ ተኛ። ምን ተገኘ ስለው፣ ‹ነገሩ ይስተካከላል› አለኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ነገሩ ይስተካከላል ያለ ሰው በሳምንቱ ይህን ያደርጋል?»

«አንዳንዱ ያደርጋል» አላት። ሊዋሻት አልፈለገም።

*

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጠርሙሶች ላይ ወረቀት እየለጠፈች ነበር። አላቆመችም። ክፍልፋይ ሲሞት ምን ተሰማሽ ሲላት፣ ምንም አለች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም፤ ያም አናደደኝ አለች። ሲሞት የት ነበርሽ ሲላት፣ እንጃ አለች፤ ምናልባት እዚሁ፣ ምናልባት ደረጃው ላይ።

«ሰንሰለቱን ስትወጪ ትዘጊያለሽ?»

«እኔ?» አለች። ከጎኗ የነበረችው ረዳቷ ሳቀች፤ እሷ ግን ቀጠለች። «ሁለት እጄ ጠርሙስ ይዞ በምን ልዝጋው? በየቀኑ የምሰደብበት ነገር ነው። ጋሽዬ፣ ‹አንቺ ልጅ፣ ያንቺን መንፈስ ውስጥ አለ ብለን ስንጠብቅ እንዋል?› ይለኛል።»

ጋሽዬ ማን እንደሆነ ነገረችው። አንጋፋ የፓምፕ ሠራተኛና የሠራተኞቹ ተወካይ ነው። ወደ ክፍልፋይ ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ሁሉም ልመናውን ለጋሽዬ ይነግራል፤ ጋሽዬ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ያስገባል። ወንድሟ ቀለበት ሊያስር ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ፈልጎ ነበር። ያገኘለትም ጋሽዬ ነው። የቀለበቱ ቀን ሳይደርስ ቀረ።

«ለቅሶው ላይ ጋሽዬ ባይደግፈኝ መቃብሩ ውስጥ እገባ ነበር» አለች። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ወረቀት በአውራ ጣቷ ደጋግማ ጫነችው።

ኃላፊዋ ቢሮዋ ውስጥ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። በየፈረቃው ሰው ይቀነስ ብላ ሟቹን መጠየቋን አልደበቀችም። እምቢ አላት፤ ዕረፍቱ አይፈቅድም አለ። ቁጥሩ ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ ግቢውን ዞረህ ቁጠር አለችው። የፕሮግራሙን የይለፍ ቃል ከሟቹ ሌላ እሷና ተወካዩ ያውቁታል። ወደ ገንዳው ግን ሄዳ አታውቅም፤ ውሃ ካየች ይዞርባታል። ዘበኛውም በኋላ ተጠይቆ፣ ሲሚንቶ ውሃ ትፈራለች ብሎ ሳቁን ዋጠ።

«እዚህ በር ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር» አለች። «ፈረቃዬ፣ ዕረፍቴ፣ የልጄ ልደት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም።» ሰላሙን የራሷ አድርጋ ነው የተናገረችው።

ጋሽዬን ለማናገር ግቢውን ማቋረጥ ቀላል አልነበረም። አንዱ ይጨብጠዋል፣ ሌላው ትከሻውን ይነካዋል፣ አንዷ ልጇ እንደዳነ ትነግረዋለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ትልልቅ እጆች ያሉት ሰው ነው። መርማሪው በገንዳው ዳር እንሂድ አለው። ሰንሰለቱን ፈትተው እስከ መተላለፊያው መሃል ገቡ።

«እኔ የማውቀው የፓምፕ እጀታ ነው፣ ኢንስፔክተር። ያንን ማሽን የነገሩኝን እመታበታለሁ እንጂ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ እንጃለት» አለ። ሟቹ ክፉ ሰው እንዳልነበረ፣ ግን ሰውን ከቁጥር ለይቶ እንደማያይ አወራ።

«ካስገቡት ልመና ስንቱ ይሟላል?»

«ሁሉም።» ፊቱ በራ። «የፈለጉትን ሰው ጠርተው ይጠይቁ። ክፍልፋይ ብቻውን ሲሠራው ሰው ያለቅስ ነበር። እኔ ከገባሁበት ወዲህ የቀረበት አንድ ሰው የለም። ማግባባት ነው ዘዴው፤ ሒሳብ ብቻ አይበቃም።»

ተመልሰው ወጡ። ጋሽዬ ስለ ሟቹ ቀብር እያወራ ነበር፤ አበባ እናዋጣለን፣ መኪናም አለ ይላል። እያወራ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ሰንሰለቱን ያዘና ወደ ማያያዣው ሳያይ ዘጋው። ወሬው አልተቋረጠም። መርማሪው እጆቹን አየ፤ ከእጆቹ በላይ የተሰቀለውን ጎማ አየ።

ቢሮው እንደደረሰ ለሟቹ ሚስት ደወለላት።

«ሁሉም ሠራተኛ የለመነው ሁሉ ደርሶታል ይላሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ለወራት።»

«የሠራተኛው ቁጥር አልጨመረም?»

«አልጨመረም።»

«እንግዲያው የማይጣስ ነገር ተጥሷል» አለች። ድምፏ አልተለወጠም። «እኔ መጥቼ ልየው።»

መጣች። በጣቢያው ቢሮ፣ በባሏ ወንበር፣ የባሏን ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ትራሱን ለጀርባው የሰፋችለት እሷ ናት፤ ይህን ለማንም አልነገረችም። ብዙ አልፈለገችም። ዕረፍት ከማይጣሱት መካከል ወጥቶ ከሚለመኑት ጋር ተሰልፏል፤ ክብደቱም ከአንድ ሰው የልደት ቀን ያነሰ ነው። ኮምፒውተሩ በታዘዘው መሠረት የሰውን እንቅልፍ እየሸጠ ለሁሉም የለመኑትን ይገዛላቸው ነበር። ዕረፍቱን ወደ ቦታው መለሰችውና አዲስ ድልድል አወጣች። ኃላፊዋ ከጀርባዋ ቆማ እያየች፣ ይለጠፍ ስትል ድምፏ ሻከረ።

*

በተረኞች ክፍል ተሰበሰቡ። ረጅም ወንበሮች፣ የልብስ ቁም ሣጥኖች፣ አንድ ጠረጴዛ። ኃላፊዋ በሩ አጠገብ ቆመች። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጋሽዬ ጎን ተቀመጠች። የሟቹ ሚስት ብቻዋን መስኮቱ ሥር ነበረች። ዘበኛው እንዲቀመጥ ቢለመንም አልተቀመጠም።

«በመነጽሩ ልጀምር» አለ መርማሪው። «ሟቹ ያንን መነጽር አድርጎ ከወንበሩ እስከ በሩ መሄድ የማይችል ሰው ነበር። በዚያ ጠባብ ብረት ላይ አድርጎት አልተራመደም። አድርጎት የሞተው እዚያው ቆሞ የሆነ ነገር እያነበበ ስለነበር ነው። እኛ ግን በኪሱም በገንዳውም የሚነበብ ነገር አላገኘንም። የሚነበበው ነገር ከባለቤቱ ጋር ተመልሷል ማለት ነው። ብቻውን አልነበረም።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። ለመክፈት ጊዜ ወሰደባት።

«ሰንሰለቱን ደግሞ አባባ ዝግ ሆኖ አይቶታል። ከውስጥ የሚዘጋው የለም። ዝም ብሎ ሲያልፍ የሚዘጋው የለም። ራሱን የጣለ ለማስመሰል የሚያስብ ሰው ክፍት ይተወው ነበር፤ ይህ ሰው ግን አላሰበም። እጁ ነው የዘጋው። እንዲህ ያለ እጅ የማን ነው? ኃላፊዋ እዚያ ረግጠው አያውቁም። እህታችን ሰንሰለቱን ባለመዝጋት ነው የምትሰደበው።»

«ሰንሰለት የሚዘጋ ተረኛማ እዚህ ቤት ሙሉ ነው» አለ ጋሽዬ በረጋ ድምፅ።

«ልክ ብለዋል። ስለዚህ ወደ ድልድሉ እንምጣ።» መርማሪው ጉልበቱ ስላመመው ቁም ሣጥኑን ተደገፈ። ዕረፍቱ ከማይጣሱት እንደወጣ፣ ልጁም የሞተው በዚያ ምክንያት እንደሆነ፣ ሟቹም ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ይህን እንዳወቀ በተራ አስረዳ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ማየት የጀመረችው ኃላፊዋን ነው።

«ቀስ በሉ» አላት መርማሪው። «ይህ ቀመር አንድ ነገር ለመቀነስ ነው የሚሠራ። ምን እንደቀነሰ ካያችሁ ማን እንዳስቀነሰው ታውቃላችሁ። ኃላፊዋ ዕረፍቱን ቢነኩት ሰው ይቀንሱበት ነበር፤ ሲመኙት የነበረው እሱን ነው። ግቢውን ቆጥሬዋለሁ፤ አንድ ሰው አልጎደለም። ሟቹ ራሱ ቢነካው አንድ ምስጋና ባገኘ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ክፍልፋይ ነው ያላችሁት። ታዲያ ምን ቀነሰ? ቅሬታ። የቅሬታ መጥፋት ምስጋናው ለማን ነው የሚደርሰው?»

ሁሉም ወደ ጋሽዬ ላለማየት ሞከረ፤ መሞከራቸው ራሱ ነገረው።

«ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩልኝ» አለው መርማሪው። «መልእክት ይመስለኛል ያስነበቡት።»

ጋሽዬ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። አላኖረውም፤ በትልልቅ እጆቹ መካከል ያዘው። ሲናገር ለመርማሪው አልነበረም፤ ከጎኑ ላለችው ነበር።

«ወንድምሽ የጻፈልኝን ነው። ‹ጋሽዬ በሞቴ፣ ፈረቃዎቼን አከታትልልኝና ቀለበቴን ልሰር› ይላል። እኔ ዕረፍቷን ትንሽ ላላ ሳደርጋት ምንም አልሆነም፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እየሳቀ ወራት ሄደ። ክፍልፋይ ሲደርስበት አልጮኸብኝም። ‹ለእህቱ አንተው ንገራት፣ እኔ ከነገርኳት ከራሴ ላይ ለማውረድ ይመስላል› አለኝ። ዕረፍቷንም ወደ ቦታዋ እንድመልስ አዘዘኝ፤ ሳምንት ሰጠኝ። ሳምንቱ የዚያን ቀን አለቀ። እዚያ ቆሞ አገኘሁትና አየህ፣ ራሱ ነው የለመነኝ ብዬ አስነበብኩት። መነጽሩን አደረገ፤ አነበበው፤ አለቀሰ። ‹ቢሆንም ንገራት› አለ። ዝም እንዲል ነበር የገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

«ጎማው ምሰሶው ላይ ነበር» አለ መርማሪው።

ጋሽዬ ስልኩን አኖረው።

«እጅዎን ወደዚያ ምሰሶ ዘርግተዋል። ያነሱት ግን ጎማውን አይደለም።»

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ከጎኑ አልተነሳችም። እጁን አየች፤ ከዚያ ፊቱን።

«ጋሽዬ፣ ለቅሶው ላይ የያዝከኝ በዚህ እጅህ ነው?»

«ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው ነበር» አለ ጋሽዬ። ይህን ሲል እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

የሟቹ ሚስት ያኔ ብቻ ተናገረች። «ባሌ ሰው ደስ እንዲለው አልነበረም የሚሠራው። ሁሉም ቤቱ እንዲገባ ነበር።»

ጋሽዬን ሲወስዱት አንዳንዶቹ ተነስተው አሳለፉት፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ መስኮቱ ሥር ሄዳ ቆመች። የሟቹ ሚስት አላቀፈቻትም፤ አልገፋቻትምም። ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ጥቂት ተቀመጡ።

ሲወጡ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሰው ተሰብስቧል። አዲሱ ድልድል ተለጥፏል። አንዱ የሠርጉን ሳምንት አጥቷል፤ አንዷ በልጇ ልደት ሌሊት ገብታለች። የተቆጡት የተረኞቹን ክፍል ወሬ ገና አልሰሙም ነበር።

«እይልኝ እስቲ» አለ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ። «ክፍልፋይ ሞቶም አልተወንም።»

መርማሪው ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ፤ ሊሸሽጋት እንደሚፈልግ ሁሉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ተቆጥተዋል» አለች።

«በጣም።»

«ጥሩ ነው።»

ቤቷ ድረስ ሸኛት። ደረጃውን እሷ ቀድማ ወጣች፤ እሱ ከታች ሆኖ በሩ ሲከፈት ሰማ። ኮቷን አላወለቀችም። ወጥ ቤት ገባች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ቧንቧውን ከፈተች። በሳህኖቹ ላይ የደረቀው ነገር በቀላሉ አልለቀቀም። አንድ በአንድ አጠበቻቸው፤ ደርድራ አስቀመጠቻቸው። ብርጭቆው ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች፤ ውሃውን አልዘጋችም።